እኩል ያለቀው ካርቦን

ትዕዛዙ ፈሪ ልጅ ነበር ብል ማንኩሳ ውስጥ የሚያምነኝ የለም። ለገጠሩ መብራት ሲዘረጋ ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ ያየው ሁሉ ደፋር ነው ይለዋል። እኔ ግን አስተምሬዋለሁና አውቀዋለሁ፤ ከፍታ አይፈራም፣ ሰው ነው የሚፈራው። አዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ባቡር መጥቶ የሽቦ ሠራተኛ ሆኖ ሲቀጠር፣ ልኩን አገኘ አልኩ። ያ ሽቦ የሚጠገነው ባቡሩ ቆሞ፣ ኃይሉ ተቋርጦ፣ ከተማው ሲተኛ ነው።

እናቱ ካሰች የአክስቴ ልጅ ናት፤ ከሱ በቀር ልጅ የላትም። ስልክ ስለሌላት ቅዳሜ ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላም ገበያ ስትወጣ እኔ ቤት ጎራ ትልና በኔ ስልክ ታወራዋለች። ጥያቄዋ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ባቡሩ ከሽቦው ቢላቀቅስ? እሱም ሳይሰለች ያስረዳታል። ባቡሩ አናቱ ላይ ክንድ አለው፤ ክንዱ ላይ ካርቦን የሚሉት ጥቁር ዘንግ ተጋድሞ ሽቦውን ከሥር እየታከከ ይሄዳል። ሽቦው ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ካርቦኑን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ፍቆ ይጨርሰዋል። ስለዚህ አንዱ ምሰሶ ላይ ወደ ግራ፣ ቀጣዩ ላይ ወደ ቀኝ ሳብ አድርገው ያስሩታል። ያን እየለካ የሚያስረው ትዕዛዙ ነው። ካርቦኑ ከዳር እስከ ዳር እኩል ካለቀ፣ ሽቦው በትክክል ታስሯል ማለት ነው። ካሰች ግን ካላየሁ አይገባኝም አለች። ለፋሲካ አንድ ያለቀ ካርቦን ይዞላት እንደሚመጣ ቃል ገባላት፤ የዓመት ፈቃዱንም ለዚያ አስቀመጠ።

በ2009 ዓ.ም. ጥር ላይ ካሰች ሁለት ቀን ብቻ ታማ ሞተች። በኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ነውር ነው። ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ፣ በር ተንኳኩቶ ነው የሚረዳው። ስለዚህ ከቀብሩ ማግሥት እኔና የደብራችን መሪጌታ ክንፈሚካኤል አውቶቡስ ተሳፍረን አዲስ አበባ ሄድን።

በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳን። ተቆልፏል። ከጎኑ ያለች ተከራይ ብቅ ብላ፣ የሌሊቱን ልጅ ከሆነ የፈለጋችሁት ገና አልገባም አለችን። ዓመት ከመንፈቅ ግድግዳ ተጋርተው ስሙን አታውቀውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባላል፤ ትዕዛዙ ጎረቤትም አልነበረውም።

እኛስ ምን ዓይነት ጅሎች ነን? ሌሊት እንደሚሠራ በየቅዳሜው ስንሰማ ኖረን፣ ማለዳ ቤቱ እንደማይገኝ አላሰብንም። ለመርዶ የምናውቀው ሰዓት አንድ ብቻ ነው።

ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ መጣ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ሲያየን ጠያቂ መጣልኝ ብሎ ደስታው ወሰን አጣ፤ ጉልበታችንን ስሞ ሳይጨርስ፣

«ጋሼ፣ እማየ እንዴት ናት?» አለኝ።

ግቢውን ዞር ብዬ አየሁት። ቢጮህ የሚይዘው፣ አብሮት የሚያለቅስ አንድ ሰው የለም። መሪጌታም መሬት መሬት ያያሉ።

«ደህና ናት» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ በማንም አላላክክም።

ነገ ማለዳ እንነግረዋለን ተባባልን። ነገም ሥራ ነበረው፣ ከነገ ወዲያም። በሦስተኛው ቀን እንዳመጣጣችን ልንመለስ ስንነሣ ከአልጋው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አገልግሎቱን ጨርሶ የተጣለ ካርቦን ነው።

«እስከ ፋሲካ ከምትጠብቅ ይስጡልኝ፤ እኩል ነው ያለቀው ይበሏት» አለኝ። ተቀበልኩት። አምጥቼም እኔው አልጋ ሥር ከተትኩት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜን ጠላሁ። ስልኩ በጠራ ቁጥር ዛሬ ገበያ አልወጣችም፣ ወገቧን አሟታል፣ ቡሬ ለክርስትና ሄዳለች እላለሁ። ሠላሳ ዓመት የዋሸ ተማሪ ስቀጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ቅዳሜ፣ ካሰች ገበያ እንዳልወጣች ነግሬውም ስልኩን አልዘጋም አለ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬዎቹ ጠየቀኝ። ከሥራ ወሬ ሌላ ሳምንቱን ሙሉ ያወራው ይህንኑ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ያኔም አልነገርኩትም።

የሆሳዕና ዋዜማ ፈቃዱን ይዞ ፍኖተ ሰላም ደረሰ። መሽቷል፣ ነገ ማንኩሳ አብረን እንሄዳለን ብዬ እኔ ቤት አሳደርኩት። መሪጌታና የማንኩሳ ሰዎች ጎህ ሲቀድ እንዲመጡ ቀድሜ ልኬባቸው ነበር። አልጋዬን ለሱ ለቅቄ፣ ዛሬስ ሁሉም በወጉ ይሆናል ብዬ ሳሎን ተኛሁ።

ሌሊት መተኛት የተወ ሰው መሆኑን አሁንም ረስቼው ኖሯል። ማለዳ ስነቃ አጠገቤ መደቡ ላይ ተቀምጧል። ካርቦኑ ጉልበቱ ላይ ነው። የጨርቁ ቋጠሮ እሱ ራሱ እንዳሰረው ነው፤ ማንም አልፈታውም። አየኝ፤ እማየ እንዴት ናት አላለኝም።

በሩ ተንኳኳ። እኔ ሳልነሣ እሱ ሄዶ ከፈተው። መሪጌታ ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከፋቹ እሱ መሆኑን ሲያዩ ሁሉም አንገታቸውን ደፉ።

«ግቡ» አላቸው። «ዛሬ ሥራ አልገባሁም፤ እቤት ነኝ። ንገሩኝ።»