ለባሎቴ የሸጥኩት ጥቁር አዝሙድ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሟች ባሌ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ስንት ጊዜ ንስሐ ገብቼ፣ ስድቤን፣ ቁጣዬን፣ ጾም መግደፌን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይህችን አንዲቱን ዘልያታለሁ! ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሡኝ። ነገሩ ግን አይንጋደድም። ዛሬ አልዋሽም።

ድንቄ እባላለሁ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ወላይታ ሶዶ የከተመ ነጋዴ ነበር፤ እኔም ሶዶ ገበያ ቅመም ስሸጥ ነው ያረጀሁት። በጃንሆይ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ጥቁር አዝሙድ የሚፈልግ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። ጉራ አይደለም፣ የዚያን ዘመን ሰው ጠይቁ። ኦሮሞዎቹ ደንበኞቼ «አበሱዳ» ይሉታል። አጠገቤ ሱቅ የነበረው የመናዊ ደግሞ «ሐበቱ ሰውዳ» እያለ፣ ዘሩ ከባሕር ማዶ እንደመጣና ከሞት በቀር የማያድነው በሽታ እንደሌለ ይምልልኝ ነበር። «ታዲያ አንተን ከነገረኛነትህ ምነው አላዳነህ?» እለዋለሁ። የኔው ግን ከባሌ ጠቅላይ ግዛት ደጋ ነው፤ በሻሸመኔ አድርጎ በጭነት መኪና ይመጣል። ለዳቦ ይገባል፣ ለበርበሬ ይገባል። ጉንፋን የያዘው በጨርቅ ቋጥሮ ያሸተዋል። ከሁሉ በላይ ግን ቅቤ ያለ እሱ አይነጠርም።

ወላይታ መስከረም ላይ የዘመን መለወጫውን ጊፋታን ያከብራል። ወንዶቹ ለሚታረደው በሬ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ፣ ሴቶቹ ወራት ሙሉ ተራ እየገቡ ቅቤ ያዋጣሉ። አዲስ ሙሽራ ያን ቅቤ «አንጥሪ» ተብላ ከተሰጣት ታመነች ማለት ነው። ካበላሸችው ግን ወዮላት።

ባሎቴ ከሶዶ ቁልቁል ያለው የቆላው የሁምቦ ልጅ ናት። ለጎረቤቴ ልጅ የተዳረች ለጊፋታ ጥቂት ወራት ሲቀሩ ነው። አማቷ «ይቺ የቆላ ልጅ» እያለች ነጋ ጠባ ትነዘንዛታለች። ልጅቱ ግን ሥራ ትወዳለች፤ ገበያ ስትወጣ እኔ ዘንድ ተቀምጣ ቅመም ትለቅምልኛለች፣ «እትዬ ድንቄ፣ እትዬ ድንቄ» ትለኛለች፣ አፏን በእጇ ሸፍና ትስቃለች። እወዳት ነበር። ይህንን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እወዳት ነበር።

የዚያን ዓመት ክረምቱ ከፋና መንገዱ ተበላሸ። ጊፋታ ሳምንት ሲቀረው ከባሌ የሚመጣው የጭነት መኪና አልመጣም፤ ጣሳዬ ውስጥ ያለው አዝሙድ ሊያልቅ ነው። «ጨርሻለሁ» ማለት ምን ነበረበት? ምንም! እኔ ግን ድንቄ ነኛ፤ «ድንቄ ዘንድ የለም» ከሚባል ብሞት ይሻለኛል። ቤት ውስጥ አሮጌ የሽንኩርት ዘር ነበረኝ፤ እርጥበት ገብቶበት የሻገተ። የሽንኩርት ዘርና ጥቁር አዝሙድ በዐይን ቢያዩዋቸው አይለዩም። ፀሐይ ላይ አሰጣሁት፣ አሸሁት፣ ከጥቂቱ አዝሙድ ጋር ቀላቀልኩት። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። እኔ ነኝ የቀላቀልኩት፣ በገዛ እጄ፣ እያወቅሁ። ደኅናውን አዝሙድ ደግሞ አንድ ጭብጥ ያህል ለብቻው አስቀረሁ። ለምን አስቀረሁ? ጥርጣሬ ቢመጣ ለማሳየት ነው እንጂ ለሌላ ለምን ይሆናል!

ባሎቴ ፊቷ እየበራ መጣች። «እትዬ፣ ቅቤውን ለኔ ሰጡኝ!» አለችኝ። ያን ደኅናውን ጭብጥ ብሰጣት ምን ነበር? አልሰጠኋትም። ከተቀላቀለው ሰፍሬ ቋጠርኩላት፣ መርቄም ሸኘኋት። ምርቃቴን እግዜር ይቅር ይበለው።

ሌሎቹም ገዝተዋል፤ እነሱ ግን ለበርበሬና ለዳቦ ነው፣ በርበሬ ደግሞ ጉድ ይሸፍናል። ቅቤ አይሸፍንም። እሳት ሲነካው የሻጋታው ሽታ ወጣ፤ የስንት ሴት የወራት ልፋት ወደ አፍ የማይቀርብ ሆነ። በበዓሉ ቀን ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ ቀምሰው እጃቸውን ሰበሰቡ አሉ።

በማግሥቱ አማቲቱ ቅቤ ካዋጡት ሴቶች ጋር ባሎቴን ከፊት አስቀድማ እኔ ዘንድ መጣች። ልጅቱ ዐይኗ አብጧል። «እትዬ፣ በእናቴ ይዤሻለሁ፣ አዝሙዱ ደኅና ነበር?» አለችኝ።

አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። አንዲት ቃል! እኔ ግን ያን ያስቀረሁትን አዝሙድ አወጣሁ፣ በመዳፌ አሸት አድርጌ በየሴቱ አፍንጫ ሥር አዞርኩት። «ሽቱት! የኔ ዕቃ ይሄ ነው። ድስቱን ሳታጥብ አንጥራበት ይሆናል። የቆላ ልጅ ቅቤ ማንጠር የት ታውቃለች?» አልኩ። እኔ አልኩ፣ ይህ አፌ አለ። ሴቶቹ ሳቁ። አማቲቱ «አላልኳችሁም?» አለች። ባሎቴ አየችኝና አንገቷን ደፋች። በሳምንቱ ወደ አባቷ ቤት ሰደዷት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የኔ ደግሞ ወለምታ እንኳ አልነበረም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ አላስችል ሲለኝ ልነግራት ሁምቦ ወረድኩ። ሌላ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ስታየኝ ሮጣ ተጠመጠመችብኝ፤ «እትዬ ድንቄ መጣች!» ብላ ጎረቤት ጠራች። ቆጮና አይብ በቅቤ አቀረበችልኝ። ቅቤው እንዴት ያለ ነው! ሶዶ እንደዚያ ያለ በልቼ አላውቅም። አመሰገንኳት። እሷ ምን አለችኝ?

«አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ያኔ ድስቱን ያጠብኩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ ሳላጥበው ነው። ካንቺ ቃል በኋላ ሦስት ጊዜ ሳላጥብ ቅቤ አልጥልም። ልጄንም እንዲሁ እያስተማርኳት ነው።»

እንግዲህ ፍረዱ። የመጣሁበት ነገር ምላሴ ላይ ነበር። እሷም ጉልበቴን ይዛ፣ ዐይን ዐይኔን እያየች ተቀምጣለች። እኔስ ምን አልኩ? «ጎበዝ፣ ንጽሕና ደግ ነው» አልኩ። ጠግቤ በላሁ፣ ተመርቄ ወጣሁ። የመጀመሪያውን በትዕቢት ነው ያደረግሁት ልበል፤ ይህኛውን በምን ልበለው?

ባለፈው ዓመት መሞቷን ሰማሁ። ስለዚህ ይቅርታ የምጠይቃት የለችም፣ እናንተም ይቅር አትበሉኝ። ልጇ ሁምቦ አለች፤ ይህን ወረቀት የሚያገኝ ሰው ያንብብላት። የእናትሽ ድስት ንጹሕ ነበር፣ ልጄ። አጥባዋለች።