ከአየርላንድ የመጣችው ጠያቂ

ትናንት ቡታጅራ፣ በአንድ ወፍጮ ቤት በር ሳልፍ የናፍጣና የትኩስ ዱቄት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ቆምኩ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የሆነው ነገር ትዝ አለኝ።

አንዲት ወጣት ፈረንጅ ፎቶግራፍ ይዛ ግቢያችን ገባች። ከአየርላንድ ወጥቶ የቀረ አያቷን ፍለጋ ስትዞር፣ እዚህ ወፍጮ ተክሎ እንደነበር ሰምታለች። ያ ሰው የእኔም አያት ነበር። እናቴ ገና ሳትወለድ "የሞተር ዕቃ ላምጣ" ብሎ እንደወጣ አልተመለሰም።

ከቤቱ እንግሊዝኛ የምሞክር እኔ ብቻ ስለነበርኩ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሴት አያቴ እንሰት መፋቋን ሳታቆም ፎቶውን በጨረፍታ አየችው።

"እንግሊዙ ነው" አለች።

"እንግሊዝ አይደለም፤ አይሪሽ ነው!" ብላ ልጅቱ ተቆጣች። "እዚህ ልጅ ወልዷል?"

እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ዓይኖቿ ልክ እንደ ልጅቱ አረንጓዴ ናቸው።

"አልወለደም በያት" አለች አያቴ። "እሱ አልፈለገንም፤ የሱ ዘር ዛሬ ምን ልትለቅም መጣች? ከደጄ ትውጣልኝ!"

"አልወለደም" ብዬ ተረጎምኩ።

ልጅቱ እናቴን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ፎቶዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ደህና ሁኑ እንኳን ሳትል ወጣች።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። "አያትሽስ በእሱ የተቃጠለች ናት" አለችኝ። "አንቺ ግን እንዴት አፍሽ ታዘዘልሽ?"

እናቴ ካረፈች ዓመታት አለፉ። የዚያችን ልጅ ስሟን እንኳን አልጠየቅኋትም።