ጎንደር ሰምታን ያልመለሰችልን ክረምት

ዛሬ ጠዋት ትርንጎ ደውላ «አባባ አረፉ» ስትለኝ «የማን አባባ?» አልኳት። ለገዛ ልጃቸው! ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ደግሞ ቁጥራቸውን አውጥቼ ልደውል ነበር፤ ለራሳቸው፣ «ሞቱ ይሉኛል፣ እውነት ነው እንዴ?» ብዬ ልጠይቃቸው። ስልኩ እጄ ላይ እንዳለ ነው የነቃሁት።

ብዙዎቻችሁ አታውቋቸውም። ጋሽ ውብነህ በደርግ ጊዜ የመተማ ዮሐንስ የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበሩ። እኔ ጤና ረዳት ሆኜ እዚያ ስመደብ ስልክ የሚባል ነገር የለም። ከጎንደር ጋር የሚያገናኘን የእሳቸው ሬዲዮ ብቻ ነበር፤ አንዲት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራ፣ ሽቦው ከጣሪያው እስከ ዛፉ የተዘረጋ።

አንድ ቀን «እንዴት ነው የምትገናኙት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«በሦስት ነገር ተስማምተን ነዋ እቱ! በአንድ ሞገድ፣ በአንድ ሰዓት፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር። አንዷ ከጎደለች እኔም እጮኻለሁ፣ እሱም ይጮኻል፣ የሚሰማ የለም።»

ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረጉልኝና «ጆሮ ይቅደም» አሉ። ሁልጊዜ የሚሏት ነገር ናት። ባልና ሚስት ሲያስታርቁም ያችኑ ነው የሚሉት።

ጎንደር ያለውን ባልደረባቸውን በአካል አይተውት አያውቁም። አራት ዓመት ግን በየጠዋቱ ያወሩታል። ሲያስል ሰምተው «ዛሬ ጉንፋን ይዞታል» ይሉኛል፣ እንደ ወንድም።

እና ያ ክረምት መጣ።

አጠገባችን ካለችው ኮኪት ሰሊጥ ሊያርም የወረደ አንድ የጎጃም ሰው ጓደኞቹ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልኝ። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቷል፣ ሰው አይለይም። እኔ ዘንድ መርፌው ካለቀ ሳምንት ሆኖታል። የሱዳኑ ገላባት እዚያ ማዶ ይታያል፤ ድንበሩ ግን ተዘግቷል። መርፌው እዚያው ከተማችን ዳር ካለ መጋዘን ውስጥ አለ። ጠባቂው «ከጎንደር ትእዛዝ ካልመጣ አንዲት ብልቃጥ አላወጣም፣ ከፈለግሽ አልቅሺ» አለኝ። አለቀስኩ። አላወጣም።

ወደ ጋሽ ውብነህ ሮጥኩ።

«ጎንደር፣ ጎንደር፣ መተማ ነኝ፣ ይሰማል?» መልስ የለም። ሽቦውን አጠበቁ፣ ባትሪውን ቀየሩ። የለም። በማግስቱ ጠዋትም የለም።

«ሞገዱን ቀይረውታል» አሉኝ በመጨረሻ። «አዲሱ የተጻፈበት ወረቀት የሆነ ቦታ የዋልካ ጭቃ ከያዘው መኪና ላይ ነው።»

ከተሰጠህ ሞገድ ውጭ መነካካት በዚያ ዘመን ከወንበዴ ጋር መነጋገር ማለት ነበር። ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። የበሽተኛው ጓደኛ በሩ ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ እባክዎ፣ ለልጆቹ ምን ብዬ ልንገር?» አላቸው።

አንዴ አዩት። ማዳመጫውን አጠለቁና መዘውሯን በፀጉር ልክ እያዞሩ መፈለግ ጀመሩ። ስድስት ሰዓት ሲሆን እጃቸውን አነሡ። የባልደረባቸው ድምፅ ነው! ከሌላ ጣቢያ ጋር ሲያወራ ደረሱበት። እስኪጨርስ ጠብቀው ጠሩት።

«መተማ፣ የዛሬውን የይለፍ ቃል ስጥ» አለ።

የይለፍ ቃሉም ያለው ያው ወረቀት ላይ ነው።

«ወረቀቱ አልደረሰኝም። ድምፄን ታውቀዋለህ፣ እኔ ነኝ። ሰው እየሞተብን ነው፤ አንዲት መስመር ብቻ ተቀበለኝ።»

ከወዲያ አሳለ። እሱ ነው፣ ራሱ ነው።

«ያለ ቃሉ ማነጋገር አልችልም» አለና ጠፋ።

አሥር ጊዜ ጠሩት፣ ሃያ ጊዜ። ባትሪው እስኪደክም። እኔ የመርፌውን መጠየቂያ የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ፣ ሌላ የማደርገው የለም። ማዳመጫውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ወደኔ ዞሩ። «ሰምቶኛል እኮ» አሉኝ። «እቱ፣ ሰምቶኛል።»

በነጋታው ሁለት ሰዎች መጥተው «ያልተሰጠህን ሞገድ ነካክተሃል» ብለው ወሰዷቸው።

መኪናዋ የደረሰችው በታሰሩ በአምስተኛው ቀን ነው። ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ መጣ፤ ሞገዱም፣ ቃሉም አለበት። እሳቸው ግን እስከ መስከረም አልተፈቱም።

ዛሬ ልጄ ኮምፒዩተር ከኮምፒዩተር ማገናኘት ነው ሥራው። ሩቅ ያለው ማሽን ቃሉን ካላገኘ እንደማይከፍት ሊያስረዳኝ ሲሞክር ተነሥቼ ከክፍሉ እወጣለሁ። ምን ሆንሽ ይለኛል።

ጋሽ ውብነህ፣ ከእስር ሲወጡ ከሁሉ በፊት የጠየቁኝ «ጎጃሜውስ?» ብለው ነበር። ከስተዋል፣ ጢምዎ ሸብቷል። «ተሻለው፣ ጓደኞቹ ይዘውት አገሩ ገባ» አልኩዎ። «ተመስገን» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

ዋሽቼዎታለሁ። እርስዎ በተወሰዱ ማግስት፣ ከሰዓት በኋላ፣ እጄ ላይ ሞተ። ጓደኞቹ ኮኪት ወስደው ቀበሩት።

ስንት ዓመት ልነግርዎ መጥቼ ሳልነግርዎ ተመለስኩ! ባለፈው ሳምንት በስልክ እንኳ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ራስዎን ይጠብቁ» ብዬ ዘጋሁት። ያውቁ ነበር ይሆን? አውቀው ነው ዳግመኛ ያልጠየቁኝ? አሁን ማንን እጠይቃለሁ።

ለማያውቁት ሰው ነው የታሰሩት። ስሙን እንኳ አልነገርኩዎትም። ይግዛው ነው የሚባለው። እዚያ ካገኙት በስሙ ይጥሩት፤ እኔንም ይቅር ይበሉኝ። ደህና ይሁኑ፣ ጋሽዬ።