ሳይመሽ የተፈተሸ ካሜራ

አብዱልሃኪም ካሜራ የገጠመበትን ቤት ፀሐይ ሳትጠልቅ አያስረክብም። ጠዋት ቢጨርስ እንኳ ሄዶ አመሻሽ ላይ ይመለሳል። አዳማ ውስጥ "አቶ አምሽ" እያሉ የሚያሾፉበት አሉ። ያሹፉ! ምክንያቱን የማውቀው እኔ ነኝ፤ የካሜራ ዕቃ የምሸጠው ዘሃራ። ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ከረምኩ፤ አሁንስ በቃኝ።

ሰውየው የሁሩታ ልጅ ነው። እዚህ መጥቶ መጀመሪያ ባጃጅ ነዳ፣ ቀጥሎ ዲሽ አስተካከለ፣ በኋላ ካሜራ ላይ ጸና። ጭምት ነው፤ ሦስት ቃል ከተናገረ ያን ቀን ብዙ አወራ ማለት ነው። ዕቃ ሲመርጥ ግን ያንገበግበኝ ነበር። ካርቶኑን ከፍቶ፣ የዕቃውን ጀርባ አንብቦ፣ መልሶ አሽጎ፣ እንደገና ይከፍታል። "አንተ ሰው፣ ሚስት እየመረጥክ ነው እንዴ?" እለዋለሁ። ፈገግ ብሎ ማንበቡን ይቀጥላል።

ነገሩ የሆነው በረመዳን ነው። ላንጋኖ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ ኤቢሴ የምትባል ሴት ለወላጆቿ ቤት ስድስት ካሜራ አዘዘችው። ሌባ ፈርታ አይደለም። አባቷ ኦቦ ሆራ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እርጅና አእምሯቸውን ወስዶባቸው፣ አመሻሽ ላይ "ባቡሩ ሊያመልጠኝ ነው" እያሉ ወደ ድሮው ጣቢያ ይወጣሉ። የእናቷ ዓይን ደክሟል። ስለዚህ ኤቢሴ ላንጋኖ ሆና የግቢውን በር በስልኳ ልትጠብቅ፣ አባቷ ሲወጡ ካየች ለጎረቤት ልትደውል ነው። ካሜራው የተፈለገው ሽማግሌው እንዳይጠፉ ነበር።

አብዱልሃኪም ስዊች ሊመርጥ ሱቄ መጣ። ስዊች ማለት በአንዱ ገመድ ለካሜራው ኤሌክትሪክ እየሰጠ ምስሉን የሚቀበል ሣጥን ነው። ሁለት ዓይነት ነበረኝ፤ ሁለቱም ስምንት ስምንት ቀዳዳ፣ አንዱ ግን ስልሳ ዋት ብቻ የሚሰጥ፣ ሌላው መቶ ሃያ። ትልቁን አንስቶ ማንበብ ጀመረ። እኔ ጾሙ አናቴ ላይ ወጥቶብኛል፣ ሙቀቱም የአዳማ ሙቀት ነው።

"ካሜራው ስድስት፣ ቀዳዳው ስምንት፣ ሌላ ምን ቀረህ? ትንሹን ውሰድና ገላግለኝ!" አልኩት።

"ማታ ስንት ዋት እንደሚወስዱ ልይ፣ እትዬ ዘሃራ።"

"ካሜራ እንዳንተ ማታ ማታ ያፈጥራል እንዴ?" ብዬ ሰው ፊት ሳቅኩበት። አፍሮ ትንሹን ይዞ ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ገጥሞ የጨረሰው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስድስቱም ጥርት ብለው ታዩ። እስኪጨልም ልቆይ ብሎ ነበር፤ ኤቢሴ ግን ክርስቲያን ብትሆንም የጾመኛን ነገር ታውቃለች። "ኧረ በል ሂድ፣ አዛን መንገድ ላይ እንዳይዝህ፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል" ብላ አጣደፈችው። እዚህ አገር የሚያፈጥርን ሰው በመግሪብ ሰዓት ሥራ ላይ ማስቆየት ነውር ነው። እሷም ወዲያው ሚኒባስ ይዛ ወደ ላንጋኖ ጉዞ ጀመረች።

ሲመሽ ካሜራዎቹ በጨለማ የሚያዩበትን መብራት አበሩ። ቀን ስምንት ስምንት ዋት የበቃቸው፣ አሁን አስራ ሁለት አስራ ሁለት ፈለጉ። ስልሳው አልቻለም። ስዊቹ ቀጥ አለ፣ ስድስቱም ጠፉ። ኤቢሴ መቂ ላይ ስልኳን ስትከፍት ሁሉም ጥቁር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር፤ እኛ ግን መብራት ሲሄድና ሲመጣ ኖረናል። "መብራት ሄዷል" ብላ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መብራት ግን አልሄደም ነበር።

ኦቦ ሆራ በማግስቱ ጠዋት ከድሮው ሀዲድ አጠገብ፣ ቦይ ውስጥ ወድቀው ሞተው ተገኙ። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል።

ለቅሶው ላይ አብዱልሃኪም ድንኳኑ መሃል ቆመና "ስዊቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ" አለ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ትንፍሽ አላልኩም። ደንግጬ ነው ብል ወላሂ ውሸት ነው፤ ደንበኛ ይሸሸኛል ብዬ ነው። እሱ ደግሞ እስከ ዛሬ "እርስዎ ነዎት ያስያዙኝ" ብሎኝ አያውቅም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዘንድሮ ረመዳን ሲገባ ኤቢሴ ከአብዱልሃኪም ጋር ሱቄ መጣች። እናቷ ብቻቸውን ናቸውና ከአባቷ ሞት በኋላ ያስጠፋቻቸውን ካሜራዎች መልሶ እንዲያስነሳላት ጠይቃው ነው። እሱ መቶ ሃያ ዋቱን አንስቶ ማንበብ ጀመረ። ያን ሳይ አልቻልኩም።

"ኤቢሴ፣ ያኔም ያነሳው ይህንኑ ነበር። ያስጣልኩት እኔ ነኝ" አልኳት።

ስዊቹን ከእጁ ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ከዚያ "እኔስ እትዬ?" አለችኝ። "አንዴ ለእናቴ ደውዬ 'መብራት አለ?' ብላት ኖሮ፣ 'አለ' ትለኝ ነበር።"

ሦስታችንም አብረን ሄድን። ገጥሞ ሲያበቃ አዛን አለ፤ ዛሬ "ሂድ" ያለው የለም። ኤቢሴ ተምር በሳህን አመጣችለት። አንዷን "ቢስሚላህ" ብሎ ጎረሰና ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል ቆመ። ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። አንዱም ካሜራ አልጠፋም።

እናትየው ከጓዳ ተጣሩ፦ "ኤቢሴ፣ መብራት አለ እንዴ?"

"አለ እማዬ" አለች፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች።