የአያቴን ዘመቻ ፍለጋ ከሆሳዕና እስከ ሀደሮ

ሐሙስ፣ ንጋት

ሆሳዕና ጉሟን ገና አልገፈፈችም። የቀበሌውን የይለፍ ወረቀት በደረት ኪሴ፣ ቆሎ በጎን ኪሴ ይዤ ላንድሮቨር ውስጥ ተጠቅጥቄአለሁ፤ አሥራ አራተኛው ሰው እኔ ነኝ። የጉዞ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «ዘመድ ጥየቃ» ተጽፏል። «ቅናት» ብዬ ባስሞላ ሊቀመንበሩ ማኅተም አይመታልኝም ነበር።

ጎረቤቴና የጸሎት ቤት ወንድሜ አቶ ላጫሞ፣ አያቱ አኑሎ ማይጨው ዘምቷል እየተባለ በበዓል ቀን ከአርበኛ ቤተሰቦች ጋር ፊት ወንበር ይቀመጣል። እኔ ከኋላ ሆኜ ማጅራቱን አያለሁ። መጽሐፉ የባልንጀራህን ቤት፣ ሚስት፣ በሬና አህያ አትመኝ ይላል፤ አያት አላለም። መጨረሻ ላይ «ማናቸውንም» የምትል ቃል አለች፤ እሷን መነጽሬን አውልቄ ነው የማነባት።

የእኔ አያት ሄራሞም የሀደሮ አካባቢ ሰው ነው፤ ከአኑሎ ጋር አጥር ለአጥር። ዘምቶ እንደሆነ አባቴን ስጠይቀው፣ ከብቶቹን ለማየት ብድግ ይል ነበር።

ረፋድ፣ አንጋጫ

መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ወርደን ገፋን።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቅርብዎ፤ ይልቅ ይጸልዩልን» አለ ሾፌሩ።

«ጸሎቴ ከጉልበቴ የባሰ ነው፤ ብገፋ ይሻልሃል።»

ትኩስ ቆጮ በአይብና በጎመን፣ አንድ ብር። ቆሎዬን ረሳሁት።

ዓርብ፣ ሀደሮ

ጡረተኛው መምህር ጴጥሮስ የአካባቢውን የዘር ሐረግ በተማሪ ደብተሮች ጽፎ ይዟል። ጭቃ ሹም የነበሩት አባቱ የተዉለት የማይጨው ዘማቾች መዝገብም አለው። በደረቅ የእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ቆጥ ላይ ሸሽጎታል።

«የጭቃ ሹም ልጅ መሆኔን ገበሬ ማኅበሩ ረስቶልኛል፤ ይህ መዝገብ እንዳያስታውስብኝ» አለኝ እየሳቀ።

ስሞቹን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። ሄራሞ! ተጽፏል! አኑሎስ? ሁለት ጊዜ ገለጥን፤ የለም። አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ ከአያቴ መገኘት ይልቅ የአኑሎ መታጣት ነው ደስ ያሰኘኝ። መምህሩ ዝርዝሩን በወረቀት ገልብጦ ፈረመልኝ። በሐሳቤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ላጫሞን ከኋላ አስቀምጬዋለሁ።

ግድግዳው ሥር ባቄላ ይለቅሙ የነበሩት የመምህሩ እናት በከምባትኛ ጠየቁኝ።

«የማን ልጅ ነህ?»

«የሄራሞ የልጅ ልጅ ነኝ፣ እማማ። የዘማቹ።»

«ሄራሞማ የት ዘመተ!»

«ይኸው ተጽፏል እኮ።»

«የሚጻፈውማ ዕጣ የወደቀበት መሬት ባለቤት ነበር። ማን በእግሩ እንደሚሄድ ጎረቤት ከጎረቤት ይነጋገራል። ዕጣው ሄራሞ ላይ ወደቀ፤ አኑሎ ሄደለት።»

«ለምን?»

«ሄራሞ ፈራ። ሲመሽ አጥር ሥር ተቀምጦ ሲያለቅስ አኑሎ አየው። ‹አንተ ልጆቼን ያዝልኝ፣ እኔ ልሂድ› አለው። ሄራሞም አኑሎ እስኪመለስ የሁለት ጓሮ እንሰት ኮተኮተ። የአኑሎን ልጆች ሳያበላ የራሱን አያበላም ነበር።»

«ፈራ ነው ያሉኝ?»

«አንተ አትፈራም?»

ከውሻ እስከ ሊቀመንበር የማልፈራው የለም።

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

እስከ አንጋጫ ድረስ «አሮጊቷ ጃጅተዋል» እያልኩ ራሴን ሳሳምን መጣሁ። ወረቀቱን ቀበሌ ባሳይ እኔ ፊት፣ ላጫሞ ኋላ ነን። ለመጠየቅ ሀደሮ ድረስ ማን ይሄዳል? ደግሞ ይህ አኑሎ የሚሉት ሰው! የራሱ ስም አንሶት በእኔ አያት ስም ይዘምት?

ሆሳዕና ስደርስ ያካፋል። ላጫሞ ጃንጥላ ይዞ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆሟል።

«ወንድሜ፣ ዘመዶች ደህና ናቸው? ትበሰብሳለህ ብዬ እኮ ነው።»

ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘንብሎ የራሱን ትከሻ ያስመታል። ይህ ሰው ለመቅናት እንኳ አይመችም! ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት።

«አኑሎ የሚል የለበትማ» አለ ድምፁ ወርዶ።

«ሄራሞ የሚለው አኑሎ ነው» አልኩና የአሮጊቷን ቃል አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ፍርሃቱንም ጭምር።

ወረቀቱን ደግሞ አነበበው።

«አባቴ ‹በዚያ ክፉ ዘመን ያሳደገኝ ሌላ አባት ነው› ይል ነበር። ማን እንደሆነ ሳይነግረን ሞተ» አለና መንገድ ላይ አለቀሰ።

ሲያለቅስም ያምርበታል። እኔ አያቴን ፍለጋ ሦስት ቀን ጭቃ ለጭቃ ተንከራትቼ ፈሪ አገኘሁ፤ እርሱ ጃንጥላ ይዞ በቆመበት ሁለተኛ አያት አገኘ፤ ያውም የእኔን። ደግሞ ቀናሁ።