ይቅርታ ለሳሙና ፋብሪካው

ልጄ በስልክ ሰው የሚያስቅ ነው። ሥራህ ምንድነው ሲሉት «ኮሜዲ» ይላል። አንድ የሳሙና ፋብሪካ የማስታወቂያ ውል አስፈረመውና ሳሙና ይዞ የሚስቅበት ፎቶው የባጃጅ ጀርባ ላይ ተለጠፈ። «እማ፣ አሁን እኔ አለሁ፣ የሰው ልብስ ማጠብ ይብቃሽ» አለኝ። ተውኩ። ደስታዬ ግን ከፍርሃት ጋር ነበር፤ ድሮም ፈሪ ነኝ። መኪና ባጃጅ ጀርባ በተጠጋ ቁጥር ልጄን የሚገጩት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን መታወቂያ ላወጣ አብረን ሄድን። አሻራ የሚያነሳው መሣሪያ ጣቴን እምቢ አለ። ሃያ ዓመት በሳሙና የተፈገፈገ ጣት ምን ይቀርለታል? ብጠርገው እምቢ፣ ብጫነው እምቢ። ልጄ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ቤት እንደገባ ስልኩን ከፍቶ በቀጥታ ስርጭት ምን ቢል ጥሩ ነው? «ልብስ አጣቢዎች አሻራ የላቸውም፣ ቢሰርቁም አይያዙም። ዕቃ ከጠፋባችሁ እነሱን ፈትሹ።»

በማግስቱ አብረውኝ ሲያጥቡ የኖሩ ጓደኞቼ በራፌ ላይ ቆሙ። «አንቺ፣ ልጅ ወለድሽ ወይስ ከሳሽ?» አሉኝ። የአንዷማ አሠሪ ልብስ ስታስረክብ ካልሲ ሳይቀር መቁጠር ጀምራለች። በሦስተኛው ቀን ፋብሪካው ከልጄ ጋር የነበረውን ውል ማቋረጡን አስታወቀ።

እኔ ውል ማቋረጥ አላውቅም። የማውቀው ሰው ተቀይሞ ሲያኮርፍ ነው፤ ለተቀየመ ደግሞ ሽማግሌ ይላካል። ሁለት ሽማግሌ ለመንኩ፤ አንዱ የመጋላ ሰፈር ሰው፣ ሐጂ ናቸው፣ ሌላው ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ። «ከስድስት ሰዓት በፊት ከሆነ እሺ» አሉኝ። ከምሳ በኋላ የድሬ ሽማግሌ ጫቱን ትቶ ማንንም አያስታርቅም። ልጄም እንደ ደንቡ ድንጋይ ተሸክሞ እንዲቀርብ አዘዙት።

ፋብሪካው በር ላይ ጥበቃው አስቆመው።

«ዋሪያ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ድንጋይ።»

«ለምን?»

«ለይቅርታ ነው» አሉት ሐጂው።

«አቦ፣ ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ስልክና ድንጋይ እዚህ ይቀመጣል።»

ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ሰጠውና ድንጋዩን ከስልኮቹ ጎን መደርደሪያ ላይ አኖረው። ልጄ ባዶ ትከሻውን አጎንብሶ ገባ።

የተቀበለችን የማስታወቂያ ኃላፊዋ ናት፣ የልጄ እኩያ። «ተቀመጡ» አለች። ሽማግሌዎቹ «ይቅርታ ሳናገኝ አንቀመጥም» አሉ። እሷም ደንግጣ ተነሳች። ወንበር ሞልቶ ሳለ አምስታችንም ቆመን ተፋጠጥን።

«አባቶቼ፣ ድርጅቱ እኮ አልተቀየመም።»

«ታዲያ ለምን አባረራችሁት?» አሉ ባቡረኛው።

«ሳሙናችንን የሚገዛው ማነው? የምታጥብ ሴት ናት። ሌባ ያላት ሰው እየሳቀ ቢሸጥላት ትገዛለች? ዝም ብንል እኛም ያልነው ይሆናል። ባለሱቆቹ ካርቶን እየመለሱብን ነው።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈርተናል» አለች።

ይሄኔ ገባኝ። ቂም ቢሆን አልችልበትም ነበር፤ ፍርሃትን ግን አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ ጎረቤት ያማኛል ብዬ ስንቱን ወዳጅ ርቄያለሁ። ያን የሚያህል ፋብሪካ እንደኔ ሲፈራ ሳይ አዘንኩለት።

ሐጂው «የተቀየመ የሌለበት ቤት ነዋ የመጣነው» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወደ ልጄም ዞረው፣ «የተቀየመብህ ማነው ታዲያ?» አሉት።

ልጄ እኔን አየኝ። «እማ፣ ተቀይመሽኛል?»

ያን ሁሉ ቀን ስለ ውሉ ስሮጥ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

«አዎ» አልኩት። «ሃያ ዓመት ከሰው ኪስ ያገኘኋትን መርፌ ሳይቀር ስመልስ ኖሬ፣ የገዛ ልጄ ፈትሹ አለብኝ።»

እግሬ ላይ ወደቀ። ኃላፊዋ ሶፍት አወጣች፤ ውሉን ግን አላወጣችም።

ፎቶው ከባጃጆቹ ተላጠ። ልጄ በዚያው ስልክ ጓደኞቼን ይቅርታ ጠየቀ። እነሱ ግን ይቅርታ በአፍ ብቻ አይበቃም፣ በጀሪካን ይሁን አሉ። እኔም ወደ ማጠቤ ተመለስኩ። የምናጥበው በዚያው ፋብሪካ ሳሙና ነው፤ ምን ይደረግ፣ ያጸዳል። ውሃ የሚቀዳልን ልጄ ነው። ቀልድ ሊጀምር አፉን ሲከፍት አንዷ ቀና ትልና፣ «አባ ኮሜዲ፣ መጀመሪያ ሙላልን» ትለዋለች።