የዳሽቦርዱ ሰዓትና የክርስትና ስሜ

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ውሸት ነው። እኔ እንዳየሁት እውነት የሚያድርበት ጊዜ አያገኝም፤ በጠራራ ፀሐይ ተረግጦ ያልቃል። ይህን የምለው ባለፈው ጥር፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ጣና ዳር የደረሰውን አይቼ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው ደግሞ ዳር ቆሜ ብቻ ስላላየሁት ነው።

ከአባቴ የወረስሁት አሮጌ ፔጆ አለኝ። በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ታንሳለች፤ አያያዟ ግን ከእኔ ይሻላል። የዳሽቦርዱ ክብ ሰዓት አባቴ በሕይወት ሳሉ ጀምሮ ቆሟል። ወዳጆቼ «ስልክህ ላይ ሰዓት አለልህ፤ ምን ያደርግልሃል?» ሲሉኝ ላሠራው ቆረጥሁ። ሰው አይጠቅምም ያለኝን ነገር መውደድ የቆየ አመሌ ነው።

ፋሲሎ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ ጋሼ ሞላ የሚባሉ ሰዓት ሠሪ አሉ። ዘጌ ተወልደው፣ ቅኔ ሲማሩ አድገው፣ ትምህርቱን አቋርጠው ወደ ሰዓት የገቡ ሽማግሌ ናቸው። ሰዓቱን ነቅዬ ወሰድሁላቸው። ስሜን ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣

«የክርስትናህን» አሉኝ።

«የክርስትና ስም ለሰዓት ምን ያደርጋል?»

«የዓለም ስምህ ለቀበሌ ይሁንህ። እኔ ስሠራ ባለቤቱን በጸሎት አስባለሁ፤ እግዜር ደግሞ መታወቂያ አያይም።»

«ወልደ ሰንበት» አልሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ስም የጠራኝ የለም። በብጣሽ ወረቀት ጽፈው በክር ሰዓቱ ላይ አሰሩት። ጠረጴዛቸው ላይ የነበረው ሰዓት ሁሉ እንዲሁ ነበር፤ ገብረ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ፣ ኃይለ ሚካኤል። የአንዳቸውንም የዓለም ስም አያውቁም።

ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። በቤንዚን አጠቡት፤ ጥርሱ ያለቀውን አንዱን የውስጥ ማርሽ ከሌላ አሮጌ ሰዓት አውጥተው ተኩለት። ቅዳሜ ዕለት ቦታው ላይ ሊገጥሙት መጡ። መኪናዋን ሐይቁ ዳር ባለው መንገድ፣ ዋርካ ጥላ ሥር አቁሜያት ነበር። ጋሼ ሞላ የፊት ወንበር ላይ በጀርባቸው ተኝተው ጭንቅላታቸውን ከዳሽቦርዱ ሥር ከተቱ፤ እግራቸው በበሩ ወጥቶ ተንጠለጠለ። የሰዓቱ አምፖል ተቃጥሏል ሲሉኝ ልገዛ ሄድሁ። ቁልፉን እንደ ልማዴ ኪሴ ከተትሁት።

በዚያ ሰሞን በዚያ መንገድ ላይ የመኪና ዕቃ ይሰረቅ ነበር። የእኔንም የጎን መስታወት ነቅለውታል።

ከሄድሁ በኋላ የሆነውን የነገረኝ አስናቀ ነው። አስናቀ እዚያው የሚቆም ባለባጃጅና የግቢ ጎረቤቴ ነው። ከመኪናዬ እግርና ሽቦ ተንጠልጥሎ ሲያይ፣

«የማንን መኪና ነው የምትፈታው?» ብሎ ይጮሃል።

«የወልደ ሰንበት ነው፤ አሁን ይመጣል።»

«የጋሼ ስንታየሁ ነች እንጂ! ቁልፉስ የታለ?»

«ወልደ ሰንበት ይዞት ሄደ።»

እውነቱን ተናገሩ። እውነቱን በመናገራቸው «ሌባ!» ተባሉ። ጩኸቱን ሰምተው የተሰበሰቡት ጎትተው አወጧቸው፤ ኮታቸውን ገልብጠው ፊታቸውን ሸፈኑት፤ እየደበደቡ ውሃው ዳር ድረስ ወሰዷቸው።

አምፖሉን ይዤ ስመለስ ከመኪናዬ ሃምሳ እርምጃ ያህል ርቆ ሰው ተሰብስቧል። «ምንድን ነው?» አልሁ።

«ሌባ ነው! የመኪና ዕቃ ፈቺ» አለኝ አንዱ፣ ቀበቶውን እጁ ላይ እየጠቀለለ።

ማን ነው፣ ምን ወሰደ ብዬ አልጠየቅሁም። በዚሁ ጋዜጣ ስለ መንጋ ፍርድ ነውርነት ሁለት ጊዜ የጻፍሁ ሰው ነኝ። መስታወቴ ትዝ አለኝ። ሰዉን ገፍቼ ገባሁና ባለ በሌለ ኃይሌ ጎኑን ረገጥሁት። ጎናቸውን ረገጥኋቸው ማለት ነበረብኝ፤ ግን ሌባ አንቱ አይባልም። ከጫማዬ ሥር አንድ ነገር ሲሰነጠቅ ተሰማኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ።

ከኮቱ ውስጥ ድምፅ ወጣ። «ወልደ ሰንበት! ኧረ ወልደ ሰንበት፣ ድረስልኝ!»

«ግብረ አበሩን ይጠራል!» አለ ባለቀበቶው። ሰው ሳቀ።

በዚህ ከተማ ከጋሼ ሞላ በቀር ያን ስም የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ ነኝ ብል ግብረ አበሩ እኔ መሆኔ ነው፤ ይህን አሰብሁ። እኔ ሳስብ አንዱ የክሪክ ብረት አንሥቶ መሬት ላይ የተዘረጋውን ቀኝ እጅ ቀጠቀጠው። ሁለት ጊዜ። በመጀመሪያው መጮህ እችል ነበር። የጮህሁት ከሁለተኛው በኋላ ነው።

«ተዉ! የኔ ሰው ናቸው! ሰዓቴን የሚሠሩልኝ ናቸው!»

«ጋሼ ስንታየሁ፣ ስምዎን እንኳ አያውቅም እኮ» አለ አስናቀ እያለከለከ። «ወልደ ሰንበት ነው የሚለው።»

«ወልደ ሰንበት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ? ቤተ ክርስቲያን የማይስሙት እርስዎ ደግሞ መቼ ክርስትና ተነሡ?»

አሁን የሳቀ የለም። ባለቀበቶው ቀበቶውን ሱሪው ላይ መልሶ ታጠቀ። ሰዉ ዝናብ እንደመጣበት ገበያ ተበተነ።

ጋሼ ሞላን በአስናቀ ባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናቸው። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ተሰባብሯል። ያን ቀን በእሳቸው ላይ ሌባ የሚባል ነገር ከተገኘ ያ ጣት ብቻ ነው። በግራ ጎናቸው አንድ አጥንት ተሰንጥቋል። በግራ በኩል የረገጥሁት እኔ ነኝ።

ጣቶቹ ድነዋል፤ ግን አይታጠፉም። ትንሽ ብሎን መያዝ አይችሉም። ዛሬም በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ፤ የሚመጣላቸውን ሰዓት ሳይፈቱ በግራ እጃቸው ይመልሳሉ። ለመጣው ሁሉ «ወልደ ሰንበት ባይደርስልኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር» ይላሉ። ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ይመርቁኛል። በሁሉም ነገር የምከራከር ሰው፣ ለዚህ ብቻ «አሜን» ብዬ እቀበላለሁ። አስናቀ ስረግጥ አይቶኛል። ዝም ብሏል፤ ዝም የምንባባልበት ምክንያት አለን። ከአምፖሉ በቀር ገጥመውት ነበር፤ ሰዓቱ ደቂቃ አያዛንፍም። መኪናዋን ግን ከዚያ ወዲህ አልነዳኋትም።

«ፊታቸው ተሸፍኖ በምን ልታውቃቸው?» አትበሉኝ፤ ፊቱ ያልታየ ሰው ይረገጥ ማለታችሁ ነው። ይልቅ ጋሼ ሞላ ከቅርብ ወዲህ ዓይናቸው ደክሟል፤ ጋዜጣ አያነቡም። በፋሲሎ ስታልፉ ቀኝ እጃቸው የማይታጠፍ ሰዓት ሠሪ ካያችሁ፣ አጠገባቸው ቁጭ በሉና ይህን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብቡላቸው። እኔ ልነግራቸው ሦስት ጊዜ ሄጄ አቅቶኝ ተመልሻለሁ። የረገጥሁባትን መስመር አትዝለሉ።